ከጣርማ በር ወደ ኢፋት፦ ስለ አንድ የታሪክ ጉብኝት

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ወደ ኢፋት ቆላ የሚወርደው የአንድ ቀን ጉብኝት፣ በመካከለኛው ዘመን በክርስቲያኑ መንግሥትና በሙስሊም ሱልጣኖች መካከል የተደረጉትን ጦርነቶች በቦታው ላይ ሆኖ ለማስረዳት የተሰናዳ ነው። የአዘጋጁን ስም ባልጠቅስም፣ ጉድለት ቢኖርበትም ለታሪክ ወዳድ ክፍያው የሚያስቆጭ አይደለም።

ትልቁ ብልጫው ታሪኩን ከመልክዓ ምድሩ ጋር ማያያዙ ነው። መኪናው ዋሻውን አልፎ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲቆም፣ አስጎብኚው ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ መንገድ የሚመጣበትን አቅጣጫ በጣቱ እያመለከተ፣ ወላስማ የሚባሉት የኢፋት ገዥዎች በዚያ መንገድ ላይ ተቀምጠው ከሚገባው ጨርቅና ከሚወጣው ወርቅና የዝሆን ጥርስ እንዴት ይጠቀሙ እንደነበር ይተርካል፤ ከላይ ያለው ንጉሥና ከታች ያለው ሱልጣን በሃይማኖት ብቻ ሳይሆን በቀረጥም ይጋጩ እንደነበር የሚገባው እዚያ ቆሞ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው ነው።

በ1324 ዓ.ም. ስለተደረገው የዓፄ ዓምደ ጽዮንና የኢፋቱ ገዥ የሰብረዲን ጦርነት የሚቀርበው ገለጻም ጥሩ ነው። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ ሰብረዲን የንጉሡን መቀመጫ ማርዓዴን ይዞ ጫት ሊተክልባት ዝቶ ነበር። አስጎብኚው ይህን የነገረን ሸዋ ሮቢት ላይ ከጫት ሻጮች ፊት ለፊት ቆሞ በመሆኑ፣ ከእኛ ጋር የነበሩ አንድ አባት «እንግዲህ ዛቻው ዘግይቶም ቢሆን ደርሷል» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ንጉሡ ድል ካደረጉ በኋላ በኢፋት ላይ የሾሙት የዚያኑ የሰብረዲንን ወንድም ጀማለዲንን መሆኑ ግን ሳይብራራ ታለፈ፤ ጦርነቱ የሁለት እምነቶች ፍልሚያ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልነበረም።

ድክመቱ ከምሳ በኋላ ጎልቶ ይታያል። ትረካው ከዓምደ ጽዮን በአንድ ዝላይ ከኢፋት በኋላ የተነሣው የአዳል ሱልጣኔት መሪ ኢማም አህመድ (ግራኝ) በ1521 ዓ.ም. የክርስቲያኑን መንግሥት ጦር ድል ባደረጉበት ሽምብራ ኩሬ ላይ ያርፍና፣ ከዚያ ወዲያ የፈረሰ ነገር ሁሉ ግራኝ አህመድ ያፈረሰው ይሆናል። ጉብኝቱ የሚነሳው ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከቆረቆሯት ከተማ ሆኖ ሳለ፣ እኚሁ ንጉሥ በ1438 ዓ.ም. ጎሚት ላይ የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ድል መንሳታቸው አይነገርም። ሕዝቡ በዐቢይ ጾም በደከመበት ወቅት እየጠበቀ ደጋውን ይወርር የነበረው፣ በ1509 ዓ.ም. የተገደለው የአዳሉ የጦር መሪ ማሕፉዝም ስሙ አይነሳም። በዚህ ምክንያት የኢፋት ሱልጣኔት ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ ካለባት ኖራ ስንደርስ አንድ ወጣት የጥንቱን መስጊድ ፍርስራሽ አይቶ «ይህንንም ግራኝ ነው ያፈረሰው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አስጎብኚው ጥቂት አሰብ አድርጎ «ሳይሆን አይቀርም» አለ። ኢማሙ መስጊድ የሚያፈርሱበትን ምክንያት የጠየቀው አልነበረም።

ኖራ ራሷ ግን የቀኑ ምርጥ ቦታ ናት። በጥንቃቄ ተጠርቦ የተደረደረው የመስጊዱ ድንጋይ የስግደቱን አቅጣጫ ከሚያሳየው ሚሕራብ ጋር ቆሟል፤ በመጽሐፍ ስሙን ብቻ የምናውቀው የኢፋት ሱልጣኔት ሰዎች የኖሩበትና የሰገዱበት አገር እንደነበር እዚያ ይታያል። እንዲህ ላለው ስፍራ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተሰጥቶ ሸዋ ሮቢት ላይ ለቡና ረጅም ጊዜ መባከኑ አሳዝኖኛል።

መኪናው ምቹ፣ ሾፌሩም ቁልቁለቱን የሚያውቅ ነው። የደጋ ሰው ጠዋት የለበሰውን ጋቢ እኩለ ቀን ላይ መሸከም እንዳይሆንበት ቀለል ያለ ልብስ፣ ባርኔጣና በቂ ውኃ ቢይዝ ይሻላል። ምሳው በክፍያው ውስጥ የተካተተ ሲሆን የጾምም የፍስክም ይቀርባል። ለመመዝገብ ያሰበ ሰው የኖራው ቆይታ እንዲረዝም አስቀድሞ ቢነጋገር መልካም ነው፤ ስንመለስ ስለዚሁ የጠየቅኋቸው አዘጋጆች፣ ተጓዦቹ ከተስማሙ የቡናውን እረፍት ማሳጠር እንደሚቻል ነግረውኛል።