መጀመሪያ ሪከቨሪ ወይስ መጀመሪያ ግልባጭ?

ሃርድ ዲስክህ ከተንቀራፈፈ፣ ፋይል ስትከፍት ድርቅ ካለ፣ ፒያሳ ወጥተህ ጠጋኝ ከመፈለግህ በፊት ፋይሎችህን ለማዳን (ሪከቨሪ የሚሉት) ቤት የሚሞከር ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ ፎቶሬክን የመሰለ ፋይል አዳኝ ፕሮግራም በቀጥታ ዲስኩ ላይ ማስኬድ ነው። ቀላል ነው። ግን የታመመውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ያስሰዋል፣ ሌላ ፕሮግራም ስትሞክር ደግሞ እንደገና ከዜሮ። የፋይል ስምም አይመልስልህም፤ የሰርጉን ፎቶ ከቁጥር ክምር ውስጥ መፈለግ ያንተ ፋንታ ነው።

ሌላው ሊነክስን (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሥርዓት ነው) ከፍላሽ አስነስቶ፣ ዲዲሬስኪው በሚባል ፕሮግራም ዲስኩን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥና ሪከቨሪውን ግልባጩ ላይ መሥራት ነው። ጮሌ ፕሮግራም ነው፦ በቀላሉ የሚነበበውን ቀድሞ ይሰበስባል፣ የተበላሸውን ዘሎ በኋላ ይመለስበታል፣ የደረሰበትንም ማፕ ፋይል ላይ ስለሚመዘግብ መብራት ድርግም ቢል (መቼም አዲስ አበባ ነን) ካቆመበት ይቀጥላል። ማፕ ፋይሉን ታዲያ ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጥ፤ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ላይ ከሆነ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል። ወጪው ቢያንስ እኩል መጠን ያለው ዲስክ ነው። ትእዛዙ ላይ ምንጭና መድረሻን ካቀያየርክ ደግሞ አለቀልህ፣ ባዶውን ፎቶህ ላይ ትገለብጣለህ።

እኔ ሁሌም ሁለተኛውን ነው የምለው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ግን ሁለቱንም ተወው። አጥፋና ለባለሙያ ስጥ።