አሮጌ ሞተርሳይክል ለምትጠግኑ የደሴ ልጆች፦ እኚህን ባለ ቶርኖ እወቋቸው

አባቴ ግብርና ቢሮ ሲሠራ ኩታበር ድረስ ይመላለስባት የነበረች ያማሃ ዲቲ 125 አለችን። ዓመታት ቆማ ከረመች። ዘንድሮ ሞተሯን አውርጄ ከሥር ላድሳት ተነሳሁ። ለዕቃው ተዘጋጅቼበት ነበር፤ ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ኩሽኔታ፣ ጉዋርኒሲዮን (በብረቶቹ መጋጠሚያ የሚገባው ማሸጊያ)። ኪሴን ያራቆተው ግን ዕቃው ሳይሆን መፍቻው ነው።

የጃፓን ብሎኖች መስቀል ራስ ቢሆኑም ተራ ካቻቪቴ ልክ አይገጥማቸውም። ይንሸራተትና ራሱን ይበላዋል። ስለዚህ በመዶሻ ሲመቱት የሚዞረው ካቻቪቴ ተገዛ። ቀጥሎ ቮላኖው መጣ፤ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባዱ ክብ ብረት ማለት ነው። ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ላይ በሾጣጣ መቀመጫ ተጣብቆ ስለሚቀመጥ ያለ ማውጫ አይላቀቅም። በመዶሻ እየደበደቡ የሚያወጡት አሉ፤ ቮላኖውም ኮሎውም ይበላሻል። ከዚያ የፍሪሲዮኑ መያዣ፣ የካርተሩ (ኮሎውን የያዘው የሞተሩ ቤት) መክፈቻ፣ የቀለበት ፒንሳ፣ ማይክሮሜትር። አንዱን ገዛሁ ስትሉ ሌላው ይመጣል። ግማሹ ደግሞ ለአንድ ብሎን ብቻ የሚሆን ነው! ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ መሣሪያ ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም። አንድ ሱቅ ለቮላኖ ማውጫው ብቻ የጠየቀኝ ብር ፒስተኑንና ፋሻውን ከገዛሁበት ይበልጣል። ያውም የኔን ይግጠም አይግጠም ሻጩ ራሱ አያውቅም።

ልተወው ነው ስል አንድ ወዳጄ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ያላቸውን አባት ጠቆመኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ «ሥራውን አውራ እንጂ እኔን ተወኝ» ብለውኛል።

ሞተሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። ካሊፐራቸውን አውጥተው የቮላኖውን አፍ ለኩ። የጥርስ መለኪያዋን ቅጠል በቅጠል እየቀያየሩ ሞከሩና «27፣ ባለ 1 ፒች» አሉ፤ ስፋቱ 27 ሚሊሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከጥግ የድሮ ጭነት መኪና አክስል ቁራጭ አንስተው ማውጫውን ሊሠሩበት ቶርኖው ላይ አሰሩት። ጥርስ ሲያወጡ ማየት ደስ ይላል። ትንሽ ይቆርጣሉ፣ ዘይት ጠብ ያደርጋሉ፣ ይለካሉ፣ ደግሞ ይቆርጣሉ። ሲጨርሱ ማውጫው ቮላኖው ውስጥ በሁለት ጣት እየዞረ እስከ ታች ገባ። መሃሉ ላይ ያለውን ብሎን ጠበቅ አድርገው ራሱን አንዴ በመዶሻ ነካ ሲያደርጉት ቮላኖው ቋ ብሎ ተላቀቀ።

የፍሪሲዮን መያዣ ልገዛ ነው ስላቸው ተቆጡ። ከራሴው የተበላ ፍሪሲዮን አንዱን የብረት ዲስክ ወስደው እጀታ በየዱበት፣ አለቀ። ኩሽኔታውንም ያለ ፕሬስ አስገባን። ካርተሩን ፎርኖ ውስጥ 100 ዲግሪ አካባቢ አሞቅነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ ኩሽኔታው በራሱ ክብደት ቁጭ አለ። እኔ እስካሁን በዱላ የሚገባ ነበር የሚመስለኝ።

«ጥሩ ካቻቪቴና መለኪያ ግዛ፣ ዕድሜህን ሙሉ ይጠቅሙሃል። ለአንድ ቀን የሚሆነውን ግን ብርህን አታውጣበት፣ ወደኔ ና» አሉኝ። ጋራዥ የምትከፍቱ ልጆች ይህን ምክር ያዙልኝ። ሥራ ሳይጀምሩ መሣሪያ በብድር ገዝተው የተቸገሩ አውቃለሁ።

የማይሠሩትንም አይደብቁም። ሲሊንደር አያሰፉም፤ ኮምቦልቻ ሬቲፊካ የሚሠራ ወዳጃቸው ጋ ላኩኝ። 56 ሚሊሜትር የነበረው 56.50 ሆነ። ፒስተኑን ሳትይዙ እንዳትሄዱ፣ ሲሊንደሩ የሚሰፋው በፒስተኑ ልክ ነው።

ሞተሯ እስክትሟሽ ዳገት አላስነካኋትም። ከዚያ ሐረጎን ከኮምቦልቻ ደሴ አንድም ሳታስነጥስ ወጣችው። ካንዴላውን ፈትቼ ሳየው ቡናማ ነው፣ የሚፈለገው ቀለም። አባቴም ድምጿን ከግቢ ሆኖ አወቃት።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ወረፋ አለ፣ ማለዳ ድረሱ። ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ። ስልክ ብዙም አያነሱም፤ ሥራ ላይ ስለሆኑ ነውና አትቀየሙ። የሚሠራውን ዕቃ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ በፎቶ አይለኩም። የተጣለ አክስል ወይም ወፍራም ብረት ካላችሁም ውሰዱ፣ ዋጋው ይቀንስላችኋል። ቤታቸውን ለማግኘት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ።

ጋሼ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው። አባቴም ሰላም ብሎዎታል።