ለሊኑክስ ላፕቶፕ ዋይፋይ፦ አዲስ ዶንግል ወይስ ያገለገለ የኢንቴል ካርድ?

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ፣ አሮጌ ላፕቶፑ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ሲስተም የጫነ ወዳጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይደውልልኛል። «ሁሉም ነገር ሠራ፣ ዋይፋዩ ብቻ እምቢ አለ። የቱን ዶንግል ልግዛ?» መልሴ አይለወጥም፤ ዶንግል፣ ማለትም ዩኤስቢ ላይ የሚሰካውን ትንሽ የዋይፋይ መሣሪያ፣ አትግዙ። ላፕቶፓችሁ የሚከፈት ከሆነ፣ ከተሰበረ ላፕቶፕ የወጣ የኢንቴል ዋይፋይ ካርድ ፈልጋችሁ ውስጡ አስገጥሙ። እኔ ለካርዱ 450፣ ለማስገጠሚያው 150፣ በድምሩ 600 ብር ከፈልኩ። ይህን እስክደርስበት ግን ለሁለት ዶንግሎች 2,750 ብር አውጥቻለሁ።

ሰባራ ሳንቲም ከማውጣታችሁ በፊት ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ላፕቶፑ ላይ ሰኩና የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ የሚያካፍለውን ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን አብሩ። የአንድሮይድ ስልክ ያለ ምንም ጭነት ወዲያው ኢንተርኔት ይሰጣችኋል። ከዚያ የሚንትን ድራይቨር ማናጀር ክፈቱ፤ ድራይቨር ማለት ሲስተሙ ካርዱን እንዲያዝ የሚያስችለው ፕሮግራም ነው። ብዙ ያገለገሉ የኤችፒና የዴል ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ብሮድኮም 43142 የተባለው የዋይፋይ ካርድ ከሆነ ድራይቨሩ እዚያው ይወርዳል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ኤችፒ ሆኖ ዋይፋዩ ራውተሩ አጠገብ ብቻ የሚይዝላችሁ ከሆነ ደግሞ ካርዱ ሪልቴክ 8723ቢኢ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ ላይ የተገጠመው አንቴና አንድ ብቻ ነው፤ ድራይቨሩ ሌላኛውን ቀዳዳ እየጠበቀ ነው። የአንቴና ምርጫውን በቅንብር ፋይል ወደ 1 ወይም ወደ 2 መቀየር ሲግናሉን ይመልሰዋል። እነዚህን ሳይሞክሩ ገበያ የወጡ ሦስት ሰዎች አውቃለሁ።

የመጀመሪያውን ዶንግል መርካቶ በ850 ብር ገዛሁት። ካርቶኑ ላይ 1200 ሜጋቢት ተጽፏል፣ ከጎኑ የሊኑክስ ፔንግዊን ተስሏል። ስሰካው ዋይፋይ መሆኑ ቀርቶ ሲዲ ሆኖ መጣ። ብዙ ርካሽ ዶንግሎች እንዲህ ናቸው፤ የዊንዶውስ ድራይቨራቸውን ሆዳቸው ውስጥ ይዘው መጀመሪያ እንደ ዲስክ ይቀርባሉ። ዲስኩን ኢጀክት ስታደርጉት ወደ ዋይፋይነት ይለወጣል። ይህን ሳላውቅ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው መርካቶ ድረስ ተመላልሻለሁ።

ከተለወጠም በኋላ በኔ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት በሆነው ፕሮግራም) ውስጥ ድራይቨር አልነበረውም። ኮዱን በስልክ ዳታ አውርጄ፣ ኮዱን ወደሚሠራ ድራይቨር የሚቀይሩትን ማጠናቀሪያዎች ጭኜ ቅዳሜዬን ሙሉ ስታገል ዋልኩ። ማታ ላይ የዶንግሉ መብራት በራ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አፕዴት አዲስ ከርነል አመጣ፣ መብራቱም ጠፋ። በእጅ የተጫነ ድራይቨር ለአንድ ከርነል የተሠራ ነው፤ ከርነሉ ሲቀየር እንደገና ካልተሠራ የለም ማለት ነው።

ሁለተኛውን ትልቅ አንቴና ስላለው «ይሄስ ሌላ ነው» ብዬ 1,900 ብር ከፈልኩበት። ቤት ገብቼ ተርሚናል ላይ ኤልኤስዩኤስቢ (lsusb) የሚለውን፣ የተሰኩ ዕቃዎችን የሚዘረዝር ትእዛዝ ስጽፍ የወጣው የቺፕ ቁጥር ከ850 ብሩ ጋር አንድ ሆነ። ቺፑ ያው ነው፤ የተጨመረው ፕላስቲክ ብቻ። 1,050 ብሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንደ ምንም አስተካክዬ ደብረ ብርሃን ላሉ አንድ ጡረተኛ መምህር ሰጠኋቸው። ወር ሳይሞላ ደወሉ፤ «ልጄ፣ ያ መብራት ዛሬ አልበራም አለኝ።» በስልክ፣ «ጋሼ፣ ሲነሳ ሺፍትን ተጭነው ይያዙ፣ ሁለተኛውን መስመር ይምረጡ፣ አሁን ቁጥሩ አነስ ያለውን» እያልኩ ወደ ቀድሞው ከርነል መለስኳቸው። አፕዴት በመጣ ቁጥር ይህን ማድረግ የእሳቸው ሥራ ሊሆን አይገባም ነበር።

ዛሬ ሁኔታው ትንሽ ተሻሽሏል። ርካሽ ዶንግሎች ውስጥ የሚዘወተሩት ሪልቴክ 8811ሲዩ እና 8821ሲዩ ከከርነል 6.2 ጀምሮ ድራይቨራቸው ውስጡ አለ። ሚንት 22 ከ6.8 ከርነል ጋር ስለሚመጣ ያውቃቸዋል፤ ሚንት 21 ግን በ5.15 ስለተነሳ አያውቃቸውም። እንዲህ ዓይነት ዶንግል በእጃችሁ ካለ አትጣሉት፤ መጀመሪያ ሲስተማችሁን አሳድጉ። አዲስ ልግዛ ለሚለኝ ግን አሁንም አልመክርም፤ ሻጩ ውስጡ የትኛው ቺፕ እንዳለ አያውቅማ። በሞዴል ስም መግዛትም አያድንም። ቲፒ-ሊንክ 722ኤን የሚባለው የመጀመሪያው ቨርዥን አቴሮስ 9271 ቺፕ ነበረው፣ ሊኑክስ ላይ እንደ ሰካችሁት ይሠራል። ከቨርዥን 2 ጀምሮ ስሙም መልኩም ሳይለወጥ ቺፑ ሪልቴክ ሆነ። ስለዚህ የሰው ምክር ሰምታችሁ ስትሄዱ ካርቶኑን ገልብጡና የቨርዥን ቁጥሩን እዩ።

ወደ ኢንቴሉ ልመለስ። የምፈልገው 7260 የሚባለውን ነው። በፈረንጆቹ 2013 የወጣ ካርድ ነው፤ ሁለቱንም ባንድ፣ 2.4ንም 5 ጊጋኸርዝንም ይይዛል። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ከገባ ዓመታት ተቆጥረዋል፣ ፈርምዌሩ (ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) ከኡቡንቱና ከሚንት ጋር ይመጣል፤ ደቢያን የተባለውን ሌላ የሊኑክስ ዓይነት የምትጭኑ ደግሞ 12ኛውን ወይም ከዚያ በኋላ የወጣውን ውሰዱ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት መደበኛ መጫኛዎች ይህን ፈርምዌር አይዙም። ምናለሽ ተራም፣ ስክሪናቸው የረገፈ ላፕቶፖች የሚፈቱ ጠጋኞች ዘንድም ይገኛል። መጀመሪያ 700 ብር ይሏችኋል፤ እኔ 450 ላይ ነው የተስማማሁት፣ አንድ ጓደኛዬ 400 አድርሶታል።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን ላፕቶፑን ክፈቱና የድሮውን ካርድ እዩ። 7260 በሁለት ቅርጽ ነው የተሠራው። በስተመጨረሻው ኤችኤምደብልዩ የሚለው ለቀድሞው ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ መሰኪያ ነው፣ ኤንጂደብልዩ የሚለው ደግሞ ለአዲሱ ኤም.2። ቅርጹ ካልገጠመ ምንም አይደረግም። አዲስ ይሻላል ብለው 9560 ወይም ኤኤክስ201 ሊሸጡላችሁ ከሞከሩ እንቢ በሉ፤ እነዚህ የሚሠሩት እነሱን በሚደግፍ የኢንቴል ማዘርቦርድ ላይ ብቻ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቢገጥሙም አይነሱም።

ሌላው እንቅፋት ባዮሱ፣ ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም፣ ነው። የቆዩ ቲንክፓዶችና ኤችፒዎች የተፈቀደላቸውን ካርድ ዝርዝር ይዘዋል። ያልተፈቀደ ካርድ ሲገባ ቲንክፓዱ 1802 የሚል ቁጥር አውጥቶ አልነሳም ይላል፣ ኤችፒው 104 ይላል። ስለዚህ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚንት ላይቭ ፍላሽም፣ ማለትም ሳይጫን ሚንት የሚነሳበት ፍላሽ፣ በኪሳችሁ ይኑር። ጠጋኙ ካርዱን ያስገባ፣ ከፍላሹ ይነሳ፣ የዋይፋይ ስሞች ሲደረደሩ በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ ክፈሉ። የስቲከሩን ጽሑፍ አትመኑ። ሲገጥም ደግሞ እጁን ተከታተሉ። ሁለቱ ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ፣ ጫፋቸው ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ቀጥ ብለው ከላይ ሲጫኗቸው ቀጭ ይላሉ። በጎን የተገፋ ጫፍ ይሰበራል፣ ያኔ ሙሉውን የአንቴና ሽቦ ስክሪኑን ፈትቶ መቀየር ነው።

ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ ወይም ላፕቶፓችሁ ካርዱ የተበየደ ከሆነ ዶንግል ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ያኔ ሚዲያቴክ 7612ዩ ወይም 7610ዩ ቺፕ ያለውን ፈልጉ። ከከርነል 4.19 ጀምሮ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ስላለ ሚንት 21ም ያውቀዋል። እዚህ ገበያ ላይ ፈልጌ ስላጣሁት ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ 38 ዶላር ልኬ አስመጣሁት። ውድ ነው፤ ግን ሰካሁት፣ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፣ አለቀ።

ራውተሩ አጠገብ የምትቀመጡ ሰዎች ደግሞ በኬብል የሚያገናኝ የዩኤስቢ ላን ማያያዣ ይበቃችኋል፤ ሪልቴክ 8153 ወይም ኤሲክስ 88179 ያለውን። 9700 የሚል ቁጥር የተጻፈበትን ርካሹን አትንኩት። ዩኤስቢ 2.0 ይላል እንጂ በውስጡ የ1.1 ፍጥነት ነው ያለው፣ ከ12 ሜጋቢት አያልፍም። እኔ ለአንድ ቢሮ ሁለት ገዝቼ የሁለቱም የማክ አድራሻ (ኔትወርኩ እያንዳንዱን ዕቃ የሚለይበት ቁጥር) አንድ ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ግማሽ ቀን ኬብል ስቀያይር የቆየሁት በዚያ ምክንያት ነው።

ለመምህሩ ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን ስሄድ 7260 ይዤላቸው ሄድኩ። የሳቸው ላፕቶፕ መሰኪያ ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው፣ ሁለት ብሎን ብቻ ፈታሁ። ዶንግሉን መልሼ ወሰድኩት። ከዚያ ወዲህ ከርነላቸው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ ዋይፋዩ አልተነካም።