ክፍል ማዘለል ወይስ በአንድ ትምህርት ማራመድ?

ከእኩዮቹ እጅግ ለቀደመ ልጅ ሁለት መንገድ አለ፤ እንዳለ ወደ ላይኛው ክፍል ማሻገር፣ ወይም በሚልቅበት ትምህርት ብቻ ማራመድ።

የመጀመሪያው ዓይን ይስባል። አሜሪካዊው ዊሊያም ጄምስ ሲዲስ በ1909 እ.ኤ.አ. በ11 ዓመቱ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም ከርዝመት፣ ከስፋትና ከከፍታ ሌላ አራተኛ ልኬት ስላላቸው አካላት ለሒሳብ ክበብ ንግግር አደረገ። ጋዜጦች ግን ፋታ ነሱት። ጎልማሳ ሲሆን ከሰው ዓይን ሸሽቶ በተራ የቢሮ ሥራ ኖረ፤ በ1944 በ46 ዓመቱ አረፈ። ጥፋቱን ሁሉ በክፍል መዝለሉ ላይ መጫን ግፍ ነው። ልጅነቱን የቀማው፣ በእኔ ዕይታ፣ ያ ሁሉ ተመልካች ነው።

በሁለተኛው መንገድ የሄደው አውስትራሊያዊው የሒሳብ ሊቅ ቴሬንስ ታኦ በሒሳብ ከትልልቆቹ ጋር ሲቀመጥ፣ በሌላው ትምህርት ለዕድሜው ከሚቀርቡት ጋር ይማር ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲም የተሻገረው ቀስ በቀስ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የተማሪዎች የሒሳብ ውድድር፣ በሒሳብ ኦሊምፒያድ፣ ወርቅ፣ በ2006 ደግሞ ከሒሳብ ታላላቅ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የፊልድስ ሜዳሊያ አገኘ።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የልጅ ችሎታ በሁሉም ዘርፍ እኩል አያድግም። የስምንት ዓመት ልጅ አልጀብራ በቃሉ እያሰላ፣ ግማሽ ገጽ ድርሰት ሲጽፍ ጣቶቹ ይዝላሉ፤ በጨዋታ ሲሸነፍም እንደማንኛውም የስምንት ዓመት ልጅ ያለቅሳል። ችግሩ፣ ይህ መንገድ የሁለት ክፍሎችን የጊዜ ሰሌዳ የሚያጣጥም ትምህርት ቤት ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ከጠፋና ልጁ በመሰላቸት ትምህርት ከጠላ፣ አንድ ክፍል ማዘለሉ ይሻላል።