ለራስ መጻፍ፦ ማለዳ ወይስ ቅዳሜ?

ቀኑን ሙሉ በደመወዝ የሚጽፍ ሰው ለግል ብሎጉ የሚተርፈው ጊዜ ሁለት ነው፤ ከሥራ በፊት ያለው ማለዳ ወይም ቅዳሜ። ማታውን እርሱት። ሲመሽ ጭንቅላት ባዶ ነው፤ ዓይንም ስክሪን ማየት ያስጠላዋል።

የማለዳ ትልቁ ጥቅም አእምሮ ገና በሰው ርዕስ አለመያዙ ነው። «ይቺን አንቀጽ አሳጥራት» የሚል አርታኢ የለም። በግማሽ ሰዓት ሁለት አንቀጽ ይወጣል። ችግሩ ልክ ሲሟሟቅ መነሳት መምጣቱ ነው። ሐሳቡን አንጠልጥሎ ቢሮ የገባ ሰው ልቡ እዚያው ይውላል። ለዚህ መላ አለው፦ ከመነሳታችሁ በፊት ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ጀምራችሁ በግማሽ ተዉት። ነገ ከባዶ ገጽ አትጀምሩም።

ቅዳሜ ሰፊ ነው። ማንበብና ማጣራት ለሚፈልግ ረጅም ጽሑፍ የማለዳ ቁርጥራጭ አይበቃም። ግን ቅዳሜን የማይፈልገው የለም፤ ልብስ አጠባውም፣ ቤተሰቡም፣ እንቅልፉም። አንዴ ካመለጠ ሁለት ሳምንት ዝም ማለት ነው።

ለአዲስ ተቀጣሪ እኔ ማለዳን እመርጣለሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ድካም ቅዳሜን ጭልጥ አድርጎ ይበላዋል። ሥራው ሲለመድ ቅዳሜም ይመለሳል፣ ያኔ ረጅሙን መሞከር ነው።

በየትኛውም ሰዓት ብትጽፉ ግን የሥራ ውላችሁን አንብቡ። በአሜሪካም በእንግሊዝም ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሠራተኛ በሥራ ድርሻው የጻፈው ጽሑፍ የቅጂ መብት የቀጣሪው ነው። ስለዚህ የግል ረቂቅ በቢሮ ላፕቶፕ ላይ አይቀመጥ። ቢሮ ውድቅ ያደረገውንም ርዕስ ዝም ብላችሁ አትውሰዱት፤ መጀመሪያ ጠይቁ።