የዩኤስጂኤስ ርዕደ መሬት ድረ ገጽ፦ ከጅማ ለሚጠቀም ምን ይሰጣል፣ ምን ይጎድለዋል

ፈንታሌ በኩል መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጅማ ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ «ወደ እኛስ ይመጣ ይሆን?» የሚል ነው። መልስ ፍለጋ ብዙ ሰው የሚከፍተው የአሜሪካው ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም፣ የዩኤስጂኤስ ድረ ገጽ ነው። በነፃ ነው፤ መመዝገብም አይጠይቅም። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ይህን ጥያቄ ግን በግማሽ ብቻ ነው የሚመልሰው።

የፊት ገጹ ካርታ ኔትዎርክ ሲደክም ይንቀራፈፋል። ዋናው ቁም ነገር ያለው «ሰርች ኧርዝኩዌክ ካታሎግ» ውስጥ ነው። የርዕደ መሬቱን መጠን (ማግኒቲውድ) ከ4 በላይ፣ መነሻ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር 1960 ያድርጉ፤ ከዚያ «ሰርክል» ከሚለው ሥር ኬክሮስ 7.67፣ ኬንትሮስ 36.83፣ ራዲየስ 450 ኪሎ ሜትር ይሙሉ። ኬክሮስና ኬንትሮሱን ካቀያየሯቸው የሚወጣልዎት አልጄሪያ ነው። ራዲየሱን በ300 ቢወስኑት ደግሞ ፈንታሌ ራሱ ከክቡ ውጭ ይቀራል፤ ከጅማ በቀጥታ መስመር 370 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃልና። ሰዓቱ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር (UTC) ከሆነ 3 ሰዓት ይደምሩ፤ 18:00 የሚለው በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ጥልቀቱ ድፍን 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን ብዙ ጊዜ የተለካ ሳይሆን መረጃ ሲያንስ የሚሞላ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አንዱ ርዕደ መሬት ሌላውን የሚቀሰቅሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ቅርብ ለቅርብ ነው፤ የተሰነጠቀው አለት ጫናውን ወደ ጎረቤቱ ያዞራል። ቱርክ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ኢዝሚት መጠኑ 7.6 በሆነ ርዕደ መሬት ከተመታች ከሦስት ወር በኋላ ዱዝጄ በ7.2 የተመታችው፣ በ2023 እ.ኤ.አ.ም ከ7.8ቱ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ቆይቶ 7.5 የተከተለው በዚህ ነው። ይህ ጫና ከስንጥቁ ርዝመት ብዙም አልፎ አይሄድም። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው 6.0 ዓይነት የሚሰነጥቀው በአሥራ ምናምን ኪሎ ሜትር የሚለካ ነው፤ በዚህ መንገድ ጅማ አይደርስም። በዚያ ላይ የፈንታሌውን ተከታታይ ንዝረት ሲገፋ የነበረው ከሥር የሰረገ ቅልጥ አለት ነው።

ሁለተኛው ሩቅ ለሩቅ ነው፤ የሚያልፈው ሞገድ ለመሰንጠቅ የተቃረበውን ይነቀንቀዋል። በ1992 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያው ላንደርስ 7.3፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የአላስካው ደናሊ 7.9 «የሎውስቶን» በተባለው የአሜሪካ እሳተ ገሞራማ ፓርክ ላይ ትንንሽ ንዝረቶችን ቀስቅሰዋል፤ የደናሊው ርቀት 3,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞገዱ በሰከንድ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከፈንታሌ ጅማ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ፣ ከ2023ቱ የቱርክ ማዕከል ደግሞ በሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ካርታው ላይ ሁለት ነጥቦችን ከማገናኘትዎ በፊት ሰዓታቸው ከዚህ ጋር መግጠሙን ያስሉ። ቀናት የዘገየ ቅስቀሳም አለ፤ ከአጋጣሚ መለየቱ ግን ከባድ ነው።

ድረ ገጹ የሚያንሰው እዚህ ላይ ነው። የሎውስቶን የተቀሰቀሱት በብዛት ከ3 በታች ነበሩ፤ ለኢትዮጵያ ግን ካታሎጉ ከ4 በታች ያሉትን አብዛኞቹን አይዝም። ስለዚህ ካርታው ላይ ነጥብ አለመኖሩ ምንም አልተቀሰቀሰም ማለት አይደለም። ለዚህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት የሚሰጠውን መግለጫ ይከታተሉ።

ንዝረት ከተሰማዎት ክስተቱን ከፍተው «ዲድ ዩ ፊል ኢት» የሚለውን ቅጽ ይሙሉ። ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደነበሩ ሳይጠቅሱ አይለፉ፤ ላይኛው ፎቅ ላይ የሚሰማው መሬት ላይ ካለው ይበልጣል።