ዝናብ ውስጥ የሚሠራ ቴሌስኮፕ፦ ስድስት ወር ከሃይድሮጅን ማጉያዬ ጋር

የሱሉልታን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደመናው እንጦጦ ላይ ተኝቶ ይውላል፣ ማታ ኮከብ የሚባል ነገር የለም። ባለፈው ሳምንት ግን ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ላፕቶፔ ላይ የራዲዮ ሞገዱን ጥንካሬ በሚያሳየው መስመር ላይ ያ ጉብታ ብቅ አለ። 1420.4 ሜጋኸርዝ! ከጋላክሲያችን እምብርት አቅጣጫ ያለ የሃይድሮጅን ጋዝ የሚልከው የራዲዮ ሞገድ፣ እኔ ቤት ውስጥ ቡናዬን ይዤ።

ዕቃው ጥር ላይ ከውጭ ያስመጣሁት ማጣሪያ ያለው የራዲዮ ሞገድ ማጉያ ነው፣ ዩኤስቢ ላይ ከሚሰካ ትንሽ የራዲዮ መቀበያ ጋር። አንቴናውን ራሴ ሠራሁት። ሰፈር ካለ ብየዳ ቤት ላሜራ አስቆርጬ እንደ መለከት አፉ የሰፋ ነገር፣ ጉሮሮው ውስጥ 5.3 ሴንቲሜትር የመዳብ ሽቦ። ሞገዱ 21 ሴንቲሜትር ስለሆነ ሩቡ ማለት ነው።

ያኔ አንድ ሻጭ "በዚህ ብር እኮ ሌንስ ያለው ቴሌስኮፕ ትገዛ ነበር፣ ጨረቃን ታይበት ነበር" ብሎኛል። ወንድሜ፣ ያንተን ቴሌስኮፕ ገዝቼ ቢሆን እስከ መስከረም ካርቶኑ ውስጥ ይተኛ ነበር። ይሄ ሞገድ ደመና አያግደውም፣ ቀንም ይሠራል። ደግሞ ጨረቃ ብቻ አይደለም! ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አንቴናውን ወደ ሰሜን፣ ሲግነስ ወደሚባለው የኮከብ ስብስብ ሳዞረው ከአንድ በላይ ጉብታ ወጣ። አንዱ ቅርባችን ያለው ጋዝ ነው። ሌላው ከጋላክሲው ሩቅ ጠመዝማዛ ክንድ ወደ እኛ እየቀረበ የሚመጣ፣ በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር በፈጠነ ቁጥር ድግግሞሹ 4.7 ኪሎኸርዝ ያህል ከፍ የሚል። ጋላክሲው ሲዞር በላሜራ ለካሁት ማለት እኮ ነው።

ይህን ሞገድ መጀመሪያ የያዙት የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ኢወንና ፐርሴልም በ1951 ሃርቫርድ ላይ መለከት መሰል አንቴናቸውን በመስኮት አውጥተው ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃውን ወደ ቤተ ሙከራው ያስገባባቸው ነበር። እኔ አፉን በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ።

መቀበያው ሲሞቅ ድግግሞሹ ይንሸራተታል፣ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ማብራት ነው። የሚያስፈራኝ መብረቅ ነው። ነጎድጓድ ከሰማሁ ገመዱን እነቅላለሁ፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ በየማታው ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ማጉያ አዝዣለሁ፤ ይሄኛው ቢቃጠል ክረምቱ ሳያልቅ መቆም አልፈልግም።